3ጂ8 አንቲቦዲ

3ጂ8 ሲዲ16 በሚባለው የሕዋስ ተቀባይ ላይ የሚጣበቅ፣ ከአይጥ ሕዋስ የተገኘ ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ነው። ሲዲ16 በተፈጥሯዊ ገዳይ ሕዋሳት (በአጭሩ ኤንኬ ሕዋሳት) ገጽ ላይ ይገኛል። እነዚህ ሕዋሳት አንቲቦዲ የለበሰን በሽተኛ ሕዋስ ለይተው የሚገድሉት በዚህ ተቀባይ አማካይነት ነው። 3ጂ8 ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ኤንኬ ሕዋሳትን ለመቁጠር፣ ለመለየት፣ ለማነቃቃትና ተቀባያቸውን ለመዝጋት በብዙ አገሮች ሲሠራበት ቆይቷል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚገናኘው የሥጋ ደዌን፣ የሳንባ ነቀርሳን፣ የኤችአይቪንና የወባን የበሽታ መከላከያ ምላሽ ከሚመረምሩ ቤተ ሙከራዎች ጋር ነው። ከእነዚህ አንጋፋው በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚገኘው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። «በዚህ ሰው ደም ውስጥ ስንት ኤንኬ ሕዋስ አለ?» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ በየትኛው አንቲቦዲ እንደተቆጠረ ይወሰናል። ስለዚህ የመቁጠሪያውን ጠባይ የማያውቅ አንባቢ ቁጥሩን በተሳሳተ መንገድ ሊያነብ ይችላል።

ኤንኬ ሕዋስና ሲዲ16

ኤንኬ ሕዋሳት ከነጭ የደም ሕዋሳት አንዱ ክፍል የሆኑት የሊምፎሳይቶች ዓይነት ናቸው። እንደ ቲ ሕዋሳት አንድን ጠላት አስቀድመው መማር ሳያስፈልጋቸው በቫይረስ የተያዘን ወይም ወደ ካንሰርነት የተለወጠን ሕዋስ መግደል ስለሚችሉ «ተፈጥሯዊ ገዳይ» ተባሉ። ስሙን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1975 በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት በሮልፍ ኪስሊንግ፣ በኤቫ ክላይንና በሃንስ ቪግዜል ሥራ ነው። በዚያው ዘመን በአሜሪካ ሮናልድ ኸርበርማን ተመሳሳይ ነገር ተመልክተው ነበር። ከዚያ በፊት ሊምፎሳይት በሁለት ይከፈል ነበር። የበግ ቀይ የደም ሕዋሳት በዙሪያው የሚጣበቁበት ቲ፣ ገጹ ላይ አንቲቦዲ የተሸከመው ደግሞ ቢ ይባላል። ከሁለቱም ያልሆነው «ባዶ ሕዋስ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ዛሬ ኤንኬ የሚባሉት አብዛኞቹ ሕዋሳት በዚያ «ባዶ» በተባለው ምድብ ውስጥ የነበሩ ናቸው።

ኤንኬ ሕዋስ የሚገድልባቸው መንገዶች ከአንድ በላይ ናቸው። በሲዲ16 በኩል የሚሄደው መንገድ በአንቲቦዲ ላይ የተመሠረተ ነው። አንቲቦዲ የ«ዋይ» ፊደል ቅርጽ አለው። ሁለቱ ክንዶቹ ጠላትን ይይዛሉ፣ ግንዱ ደግሞ ለሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት እንደ እጀታ ያገለግላል። አይጂጂ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት የታመመን ሕዋስ ሲያለብስ ብዙ ግንዶች ወደ ውጭ ይደረደራሉ። ሲዲ16 እነዚህን ግንዶች ይይዛል። ለብቻው የሚንሳፈፍን አንድ አንቲቦዲ የሚይዘው በደካማው ነው፤ ተደርድረው ሲያገኛቸው ግን ይጠብቃል። ይህ ድክመት ጠቃሚ ነው፤ ደም ውስጥ ሁልጊዜ በብዛት የሚገኘው ነፃ አይጂጂ ገዳዩን ሕዋስ ያለምክንያት አያስነሣውም። ተቀባዮቹ ሲሰባሰቡ መልእክቱ ወደ ሕዋሱ ውስጥ ይገባል፣ ኤንኬውም ፐርፎሪንና ግራንዛይም የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይለቃል። ፐርፎሪን የዒላማውን ሽፋን ይበሳል፣ ግራንዛይም ገብቶ ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርገዋል።

ሲዲ16 ሁለት ዓይነት ነው። ሲዲ16ኤ ሽፋኑን አልፎ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሲሆን በኤንኬ ሕዋሳት፣ በማክሮፋጆችና በአንዳንድ ሞኖሳይቶች ላይ ይገኛል። ሲዲ16ቢ ደግሞ በቅባት መልሕቅ በገጹ ላይ ብቻ የተተከለ ሲሆን በዋናነት በኒውትሮፊሎች ላይ ነው የሚገኘው። ሁለቱም ዘረ መሎች በ1ኛው ክሮሞሶም ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ ውጫዊ ክፍላቸውም እጅግ ተመሳሳይ ነው። 3ጂ8 ሁለቱንም ይይዛል፣ አይለያቸውም።

አመጣጥ

ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ማለት ከአንድ እናት ሕዋስ በተባዙ ሕዋሳት የሚሠራ፣ ሁሉም ቅጂው አንድ ዓይነት የሆነ አንቲቦዲ ነው። ዘዴውን ጆርጅ ኮለርና ሴሳር ሚልስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ ካምብሪጅ አወጡት፤ በ1984 ከኒልስ የርኔ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ አይጥ በሚፈለገው ነገር ትከተባለች። ከጣፊያዋ አንቲቦዲ ሠሪ ሕዋሳት ይወሰዳሉ። እነዚህ ከሰውነት ውጭ ብዙ ስለማይቆዩ ሳያቋርጥ ከሚባዛ የነቀርሳ ሕዋስ ጋር ይዋሃዳሉ። የተገኘው ድቅል ሁለቱንም ጠባይ ይወርሳል፣ አንቲቦዲ ይሠራል፣ ያለማቋረጥም ይባዛል። ከዚያ ድቅሎቹ አንድ በአንድ ተነጥለው በትናንሽ ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ያድጋሉ፤ የሚፈለገውን አንቲቦዲ የሚሠራው ጉድጓድ ተመርጦ ይባዛል። እንደ 3ጂ8 ያሉ ለጆሮ እንግዳ የሆኑ ስሞች አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ሳህንና ጉድጓድ አድራሻ ናቸው።

3ጂ8ን የሠሩት ሃዋርድ ፍላይት፣ ሳሙኤል ራይትና ጄይ አንከለስ ሲሆኑ ቦታው ኒው ዮርክ፣ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሲፈልጉት የነበረው የኤንኬ ሕዋስ ተቀባይ አልነበረም። ጥያቄያቸው ስለ ኒውትሮፊል ነበር፤ አይጧም የተከተበችው በሰው ኒውትሮፊል ነው። በኋላ ያው አንቲቦዲ በኤንኬ ሕዋሳት ላይም እንደሚጣበቅ ታወቀ። ዛሬ በኤንኬ ምርምር ዘንድ በሰፊው የሚታወቀው አንቲቦዲ ከሌላ ሕዋስ ጥናት የተገኘ ነው ማለት ነው።

በዚያው ዘመን በየአገሩ የተሠሩት አንቲቦዲዎች ስለበዙ አንዱን ተቀባይ አምስት ቤተ ሙከራ በአምስት ስም ይጠራው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1982 በፓሪስ የተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተመሳሳይ ነገር የሚይዙትን አንቲቦዲዎች በቡድን በቡድን ሰብስቦ «ሲዲ» የሚል ፊደልና ተራ ቁጥር መስጠት ጀመረ። ኤችአይቪ ያለበት ሰው በጤና ተቋም የሚሰማው «ሲዲ4» የሚለው ቃል የዚሁ ስያሜ ውጤት ነው።

3ጂ8 የአይጥ አይጂጂ1 ነው። የሚጣበቅበት ቦታ ሲዲ16 የአንቲቦዲን ግንድ ከሚይዝበት ቦታ ጋር ስለሚደራረብ፣ 3ጂ8 ከተቀመጠ ሌላ አንቲቦዲ አይገባም። መለያ ብቻ ሳይሆን መዝጊያም የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በቤተ ሙከራ አጠቃቀም

ዋናው አጠቃቀም በፍሎው ሳይቶሜትር መቁጠር ነው። አንቲቦዲው ብርሃን በሚሰጥ ቀለም ይታሰራል፣ ከደም ናሙና ጋር ይደባለቃል፣ ያልተጣበቀው ይታጠባል። መሣሪያው ሕዋሳቱን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያሳልፋል፤ ከእያንዳንዱ ሕዋስ የሚወጣውን ብርሃን ለክቶ ይመዘግባል። በደቂቃዎች ውስጥ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሕዋሳት ያልፋሉ። የሚገኘው ውጤት ሠንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ሕዋስ፣ እያንዳንዱ ዓምድ አንድ ቀለም ነው።

ከዚያ የሚቀረው ማጣራት ነው። 3ጂ8 ኒውትሮፊልንም ስለሚያበራ፣ ለዚያውም ከኤንኬ የበለጠ፣ መጀመሪያ በመጠናቸውና በውስጣቸው ባለው የቅንጣት ብዛት ሊምፎሳይቶቹ ይለያሉ። ቀጥሎ ሲዲ3 ያለባቸው ቲ ሕዋሳት ይወጣሉ። ከቀሩት ውስጥ ሲዲ16 ወይም ሲዲ56 ያለባቸው ኤንኬ ተብለው ይቆጠራሉ። በፕሮግራም ቋንቋ ቢጻፍ «ሲዲ3 የለውም፣ እና፣ ሲዲ16 ወይም ሲዲ56 አለው» የሚል አንድ መስመር ነው። ተራ የሚመስለው ይህ መስመር ግን «ኤንኬ ሕዋስ» ማለት ምን እንደሆነ የሚወስነው እሱ ነው። «ወይም» የሚለው ቃል በ«እና» ቢተካ የሕዋሳቱ ቁጥር ይለወጣል፣ የሰውየው ደም ግን ያው ነው። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ከኤንኬ ሕዋሳት 90 በመቶ ያህሉ ብዙ ሲዲ16ና ጥቂት ሲዲ56 አላቸው። የቀሩት በተቃራኒው ሲዲ56 በዝቶባቸው ሲዲ16 ጥቂት ወይም ምንም የሌላቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹ በመግደል፣ ሁለተኛዎቹ መልእክት አስተላላፊ ፕሮቲኖችን በማመንጨት ይበልጥ ይታወቃሉ።

ሁለተኛው አጠቃቀም ማነቃቃት ነው። ፒ815 የሚባል የአይጥ ሕዋስ የአይጥ አንቲቦዲን ግንድ የሚይዝ ተቀባይ አለው። 3ጂ8 በዚህ ሕዋስ ላይ በግንዱ ተቀምጦ በክንዶቹ የኤንኬውን ሲዲ16 ሲይዝ ሁለቱ ይገናኛሉ፤ ኤንኬውም ፒ815ን ይገድላል። ስንት እንደሞተ በመለካት የአንድ ታካሚ ኤንኬ ሕዋሳት በዚህ መንገድ የመግደል አቅም እንዳላቸው ይታወቃል። መቁጠር መኖራቸውን ብቻ ሲያሳይ ይህ ሙከራ መሥራታቸውን ያሳያል።

ሦስተኛው መዝጋት ነው። አንድ ሕዋስ የተገደለው በሲዲ16 በኩል መሆኑን ለማረጋገጥ ተመራማሪው 3ጂ8 ጨምሮ ግድያው ይቆም እንደሆነ ያያል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሙሉው አንቲቦዲ ተቀባዮችን አገናኝቶ ራሱ ሊያነቃቃ ስለሚችል ለመዝጋት የሚመረጠው ግንዱ የተቆረጠለት፣ ክንዶቹ ብቻ የቀሩት ቁራጭ ነው። ለዚህ ግድ ያልሰጠ ሙከራ «ዘጋሁ» እያለ ሊያነቃቃ ይችላል።

ሕዋስ ማጣራትም አለ። ኢዮሲኖፊል የሚባሉትና በአንጀት ትላትል ጊዜ የሚበዙት ነጭ ሕዋሳት ሲዲ16 የላቸውም፤ አብረዋቸው የሚወርዱት ኒውትሮፊሎች ግን አላቸው። ስለዚህ ፀረ-ሲዲ16 አንቲቦዲ ከማግኔት ቅንጣት ጋር ታስሮ ኒውትሮፊሎቹን ሲስብ ኢዮሲኖፊሎቹ ሳይነኩ ይቀራሉ።

መለያው ሲጠፋ

3ጂ8 አለመታየቱ ሕዋሱ የለም ማለት አይደለም። ይህ በኤንኬ ጥናት ውስጥ ብዙ ስሕተት የሚፈጠርበት ቦታ ስለሆነ በዝርዝር ማየት ያሻል።

የመጀመሪያው ምክንያት መቆረጥ ነው። ኤንኬ ሕዋስ ሲነቃቃ አዳም17 የሚባል በገጹ ላይ ያለ ኢንዛይም ሲዲ16ን ቆርጦ ይጥለዋል። ሕዋሱ በሕይወት አለ፣ ምናልባትም ገና ከግድያ መመለሱ ነው፤ በሳይቶሜትሩ ላይ ግን ሲዲ16 የሌለው ሆኖ ይታያል። ስለዚህ የ3ጂ8 ብርሃን መቀነስ የሕዋስ እጥረትን ወይም የሕዋስ መነቃቃትን ሊያመለክት ይችላል፤ ሁለቱ ደግሞ ተቃራኒ ትርጉም ያላቸው ናቸው። ናሙናው ከተቀዳ በኋላ በአያያዝ ጉድለት የተነቃቃ ሕዋስም ተቀባዩን ይጥላል።

ሁለተኛው የዘር ልዩነት ነው። ሲዲ16ን የሚይዝ ቢ73.1 የተባለ ሌላ የታወቀ አንቲቦዲ አለ፤ ቢያንካ ፔሩሲያና ባልደረቦቻቸው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊላደልፊያ የሠሩት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተደጋጋሚ የቫይረስ ሕመም ያለባቸው ጥቂት ሕፃናት ደም በዚህ አንቲቦዲ ሲመረመር ኤንኬ ሕዋሳቱ ሲዲ16 የሌላቸው መሰሉ። በ3ጂ8 ሲመረመር ግን ተቀባዩ በቦታው ነበር። ለካ በፕሮቲኑ 66ኛ ቦታ (መሪ ቁራጩ ሳይቆጠር 48ኛው) ላይ ሉሲን በሂስቲዲን ተተክቶ ቢ73.1 የሚይዘው ጫፍ ተለውጧል። ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የእነዚህ ታካሚዎች ኤንኬ ሕዋሳት አንቲቦዲ የለበሰን ዒላማ መግደል ይችላሉ፤ ያለ አንቲቦዲ የሚደረገውን ግድያ ግን አይችሉም። ሁለት አንቲቦዲ ባይኖር ኖሮ ልዩነቱ «ተቀባይ የለም» በሚል የተሳሳተ መደምደሚያ ተሸፍኖ ይቀር ነበር።

ሌላም የታወቀ የዘር ልዩነት አለ። በ158ኛው ቦታ ላይ ቫሊን ያለው ሲዲ16ኤ ፌኒልአላኒን ካለው ይልቅ አይጂጂን አጥብቆ ይይዛል። በ2002 በፈረንሳይ ካርትሮንና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት በሪቱክሲማብ ከታከሙ የሊምፎማ ሕሙማን መካከል ከሁለቱም ወላጆች ቫሊን የወረሱት የተሻለ ምላሽ ነበራቸው። 3ጂ8 ሁለቱንም ስለሚያበራ በተራ ቆጠራ ይህ ልዩነት አይታይም፤ የዘረ መል ምርመራ ይፈልጋል።

በኢትዮጵያ

አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ነው። ስሙ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ በ1873 ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ለጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን መታሰቢያ ነው። ግቢው በ1965 ከተቋቋመው ከአለርት ጋር የተጎራበተ ሲሆን አካባቢው በተለምዶ ዘነበወርቅ ይባላል፤ ስያሜው በልዕልት ዘነበወርቅ፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ ስም ከተጠራው የቀድሞ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል የመጣ ነው። ኢንስቲትዩቱ ከ2004 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ሆነ።

ተቋሙ ሲከፈት ሞኖክሎናል አንቲቦዲ ገና አምስት ዓመት ይቀረው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹም ያለ እሱ የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቶሬ ጎዳልና ባልደረቦቹ በከባዱ (ሌፕሮማቶስ) የሥጋ ደዌ ዓይነት የተያዙ ሰዎች ደም ውስጥ ለባክቴሪያው ምላሽ የሚሰጡ ሊምፎሳይቶች እንደሌሉ አሳዩ። የለኩት ሊምፎሳይቶቹ ባክቴሪያውን ሲያገኙ ይባዙ እንደሆነ ነው። የትኛው ሕዋስ ምን መለያ እንደተሸከመ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበራቸውም። ጎዳል በኋላ በዓለም ጤና ድርጅት የሐሩር በሽታዎች ምርምር መርሐ ግብር ዳይሬክተር ሆነዋል።

የሥጋ ደዌ ለሲዲ16 ጥናት የሚያነሣው ጥያቄ ልዩ ነው። ሌፕሮማቶስ ዓይነት ያለባቸው ሰዎች በባክቴሪያው ላይ ብዙ አንቲቦዲ ይሠራሉ፤ ሕመሙ ግን አይቆምም። ባክቴሪያው በማክሮፋጅና በነርቭ ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር አንቲቦዲ አይደርስበትም። አንቲቦዲ ያላለበሰውን ደግሞ ሲዲ16 አይዝም። በእንዲህ ያለ በሽታ ኤንኬ ሕዋስ ሊረዳ የሚችለው በሌላ መንገድ፣ በተለይ ማክሮፋጆችን የሚያበረታ ጋማ ኢንተርፌሮን በማመንጨት ነው። ስለዚህ በሥጋ ደዌ ጥናት ኤንኬ ሕዋሳትን በ3ጂ8 መቁጠር ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚያመነጩትም መለካት አለበት።

በአለርት ታካሚዎች ላይ በዘመናዊ መለያዎች ከተሠሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ2017 የታተሙት የኤደሳ ነገራና የባልደረቦቻቸው ጥናቶች ይጠቀሳሉ። ያተኮሩት ቁስለትና ሕመም በሚያስከትለው፣ ኢኤንኤል በተባለው የሥጋ ደዌ ድንገተኛ ምላሽ ላይ ነው። በፍሎው ሳይቶሜትሪ እንደተለካው ተቆጣጣሪ ቲ ሕዋሳት በእነዚህ ታካሚዎች ደም ውስጥ ምላሹ ከሌለባቸው ሌፕሮማቶስ ታካሚዎች ያነሱ፣ የነቁ የማስታወሻ ቢ ሕዋሳት ደግሞ የበዙ ነበሩ። ጥናቶቹ ስለ ቲና ቢ ሕዋሳት እንጂ ስለ ኤንኬ አይደሉም፤ መንገዱ ግን አንድ ነው፣ የሚለወጠው በቱቦው ውስጥ የሚጨመረው አንቲቦዲ ነው። በአገሪቱ በየዓመቱ ከ2,000 በላይ አዲስ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ስለሚመዘገቡ ጥያቄው የታሪክ ብቻ አይደለም።

የኢትዮጵያውያን ኤንኬ ሕዋሳት ቁጥር ግን በኮልፌ ሳይሆን በሌላው የከተማው አካባቢ በተሠራ ሥራ ይታወቃል። «ፓስተር» በሚባለው፣ በዛሬው የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይሠራ የነበረው የኢትዮጵያና ኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1999 የጤነኛ ጎልማሶችን የደም መጠን አወጣ። አስቴር ጸጋዬና ባልደረቦቻቸው ባቀረቡት በዚህ ጥናት 485 ጤነኛ ሠራተኞች ተካተዋል፤ የሊምፎሳይት ዓይነቶች የተቆጠሩት ከመካከላቸው በተመረጡት ላይ ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም በአማካይ 1,555 ቲ፣ 191 ቢ እና 250 ኤንኬ ሕዋሳት ተገኙ። ኤንኬው ከሦስቱ ድምር አንድ ስምንተኛው ያህል ነው ማለት ነው። ብዙ የተወራለት ግን ሌላው ውጤት ነበር፤ የሲዲ4 አማካይ 775 ሆኖ ከኔዘርላንድሳውያን ደም ለጋሾች በእጅጉ አነሰ፣ ሲዲ8 በአንጻሩ በለጠ። ኤችአይቪ የሌለባቸው ጤነኛ ሰዎች መሆናቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። በአውሮፓ ሚዛን ብቻ ቢነበብ ጤነኛው ሰው የታመመ ሊመስል ይችል ነበር።

በዚያው ዓመት በዚያው ፕሮጀክት የታተመ ሌላ ጥናት የኢትዮጵያውያን ቲ ሕዋሳት ከኔዘርላንድሳውያኑ ይልቅ የነቁ መሆናቸውን አሳየ። በእስራኤል ደግሞ ዝቪ ቤንትዊችና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተው ከአንጀት ትላትል ጋር አያያዙት። የመከላከያ ሥርዓቱ በዘወትር በነቃ ሕዝብ ውስጥ ከላይ የተጠቀሰው መቆረጥ ትርጉሙ ይከብዳል፤ ሲዲ16ን ብቻ ይዞ የሚቆጥር ሰው የነቃውን ሕዋስ እንደጎደለ ሊቆጥር ይችላል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። ወባ በሚደጋገምበት አካባቢ በሚኖሩ ሰዎችና ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ሳይታከም በቆየ ሰዎች ዘንድ ሲዲ56ን ያጡ፣ ሲዲ16 ግን የቀራቸው ኤንኬ ሕዋሳት ይበዛሉ። በሲዲ56 ብቻ ለሚቆጥር ሰው እነዚህ አይታዩም፤ የሚያገኛቸው 3ጂ8 ወይም መሰሉ ነው። በወባ ጉዳይ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በቤተ ሙከራ እንደታየው ኤንኬ ሕዋሳት በፋልሲፓረም ወባ የተያዘና አንቲቦዲ የለበሰ ቀይ የደም ሕዋስን ለይተው ያፈርሳሉ፣ ያልተያዘውን ይተዋሉ። በማሊ የተደረገ ክትትልም እንዲህ ያሉ ልምድ ያካበቱ ኤንኬ ሕዋሳት መብዛት ከወባ ጥበቃ ጋር እንደሚሄድ በ2019 አመልክቷል። ሥጋ ደዌ ላይ ሲዲ16 የማይደርስበት ባክቴሪያ እንዳለ ሁሉ፣ ወባ ላይ ደግሞ በቀጥታ የሚደርስበት ዒላማ አለው።

የሕክምና ሙከራዎች

3ጂ8 መድኃኒት ሆኖ አልጸደቀም፤ ሙከራዎች ግን ተደርገውበታል። እ.ኤ.አ. በ1986 ክላርክሰንና ባልደረቦቹ ሰውነት የራሱን ፕሌትሌቶች በሚያጠፋበትና በሌላ ሕክምና ባልዳነ አንድ ታካሚ ላይ 3ጂ8ን ሰጡ። ሐሳቡ አንቲቦዲ የለበሱትን ፕሌትሌቶች የሚውጡ ሕዋሳትን ተቀባይ መዝጋት ነበር፤ የፕሌትሌቱም ቁጥር ከፍ አለ። ነገር ግን የአይጥ ፕሮቲን ስለሆነ የሰው አካል እንደ ባዕድ ይዋጋዋል። በ1990ዎቹ ደግሞ አንዱ ክንዱ ከ3ጂ8፣ ሌላው የጡት ካንሰር ሕዋስን ከሚይዝ አንቲቦዲ የተወሰደ 2ቢ1 የተባለ ባለ ሁለት ዒላማ አንቲቦዲ በአሜሪካ በታካሚዎች ላይ ተሞክሯል። ገዳዩንና ዒላማውን በአንድ ገመድ የማሰር ይህ ሐሳብ ዛሬም በሌሎች አንቲቦዲዎች እየተሠራበት ነው።

አያያዝ

ቀለም የታሰረበት 3ጂ8 ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለ ማቀዝቀዣ፣ ከብርሃን ተጠብቆ ይቀመጣል። አይቀዘቅዝም፤ ፕሮቲን የሆኑት ቀለሞች በበረዶ ይበላሻሉ። መብራት በሚጠፋበት ቤተ ሙከራ የመጀመሪያው ጭንቀት ይኸው ነው። አንቲቦዲው ከነሙሉ መልኩ ጠርሙሱ ውስጥ ይኖራል፣ የሚሰጠው ብርሃን ግን ይደክማል፤ ተመራማሪውም የቀለሙን ድካም የታካሚው ሲዲ16 መቀነስ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ስለዚህ በየዕለቱ ከታካሚው ናሙና ጎን የታወቀ ጤነኛ ሰው ደም አብሮ ይሠራል። በሌላኛው ቱቦ ደግሞ ምንም ነገር እንዳይዝ የተመረጠ የአይጥ አይጂጂ1 ይጨመራል፤ ብርሃኑ የመጣው ከክንዱ እንጂ በግንዱ በዘፈቀደ ከመጣበቅ አለመሆኑ የሚታወቀው በእሱ ነው። ደሙ በተቀዳበት ቀን ቢሠራ ይመረጣል። ቀርቶ ሕዋሳቱ ከተቀዘቀዙ በኋላ ሲቀልጡ አንዳንዶቹ ሲዲ16ን ስለሚጥሉ፣ ትኩስ ደምና የቀለጠ ናሙና በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አይነጻጸሩም።